ዝቅ ያለ መኪና ሁሉ ይንኳኳል

«ንዳ እንጂ! ወንድምህ ቢሆን እስካሁን ጎማውን አቅልጦት ነበር!» ኩኮ የፒክአፑን ኮፈን በመዳፉ ደበደበ።

ናሳሪዮ መሪውን እንደጨበጠ እናቱን በዓይኑ ፈለገ። ዶኛ ኤርሚኒያ ጥቁር ለብሰው፣ ከመቃብሩ በር አጠገብ፣ የልጃቸው የኡሊሴስ ሬሳ ሳጥን ጎን ቆመዋል። ከሐሙስ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣቸውም። ኡሊሴስ ለጓዳሉፔዋ እመቤት ለማርያም አንድ ዓመት መጠጥ ላይቀምስ ተስሎ፣ ቄሱ ፊት ምሎ፣ ምስሏን ባንገቱ አስሮ ነበር። ሐሙስ ዕለት ታዲያ በብርቱካን እርሻዎቹ መሃል፣ ልጅ እንኳ በማይስተው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ከዛፍ ጋር ተላተመ። ውስጡ የተሰባበረ የቢራ ጠርሙስ ሞልቶት ተገኘ። ቀጥ ካለ መንገድ ሰካራም ካልሆነ ማን ይወጣል? ሰፈሩ ይህን አለ፣ እናትም አመኑ። ምስሏን ካንገቱ ፈትተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ስእለቱን ላፈረሰ አላለቅስም» አሉ፤ አላለቀሱምም።

ሰፈሩ ለሞተ ጎረምሳ ደንብ አለው። ጓደኞቹ ሆዳቸው አስፋልት እስኪነካ ዝቅ ያደረጓቸውን ፒክአፖች ይዘው ይመጣሉ፤ ሳጥኑ ጉድጓድ ሳይገባ አንዱ በክብ እየዞረ ጎማ ያጨስለታል። ስንብቱ ያ ነው። ዛሬ ዕጣው የወንድምየው ነበር። የናሳሪዮ መኪና የኡሊሴስ መንታ ናት። ሁለቱንም ኩኮ ነው ጓሮው ውስጥ በአንድ ሰሞን ዝቅ ያደረጋቸው፤ ሞላቸውን ቆርጦ፣ የፊት ጎማ መያዣቸውን ከኢንተርኔት በርካሽ ባስመጣው ብረት ቀይሮ።

«ኩኮ፣ የግራ ጎማው ይንኳኳል» አለ ናሳሪዮ በመስኮቱ።

«ዝቅ ያለ መኪና ሁሉ ይንኳኳል! ኡሊሴስም እንደዚሁ እያለ ሲነዘንዘኝ ነበር። ቤተሰባችሁ በሙሉ የባልቴት ጆሮ ነው እንዴ ያለው?»

ጎረምሶቹ ሳቁ። ሳቁ ናሳሪዮን አቃጠለው፤ ሬሳው የሰማ መሰለው። ነዳጁን ረገጠ።

የቀብሩ ሙዚቀኞች ጡሩምባ ጮኸ፣ ከበሯቸው ተደበደበ፣ የኋላ ጎማዎቹ ነጭ ጭስ ተፉ። ሕዝቡ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየቀረጸ ክቡን አጠበበው። መኪናዋ እየተሽከረከረች ሳለ መንኳኳቱ ድንገት ቆመ። ናሳሪዮ በመቆሙ ደስ ሊለው ሲል፣ ከእግሩ ስር ጥይት የመሰለ ነገር ፈነዳ። መሪው እጁ ላይ ቀለለ። ወደ ቀኝ ቢያዞረው ባዶ፣ ወደ ግራ ቢያዞረው ባዶ። የግራ ጎማው እንደ ተሰበረ ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ መኪናዋ በአፍንጫዋ አስፋልቱን እየፋቀች፣ ብልጭታ እየረጨች፣ ወደ ሳጥኑና ወደ እናቱ በረረች።

«እማ! ዞር በይ!»

ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠው። ከፊቱ ስልኩን ይዞ ከቅርብ የሚቀርጸው ኩኮ ነበር። የኩኮ ጭን ሲሰበር ናሳሪዮ በጆሮው ሰማው። ኩኮ ኮፈኑ ላይ ወጥቶ፣ ተንከባልሎ አስፋልቱ ላይ ተዘረረ፤ መኪናዋም ሳጥኑ ያለበትን ጋሪ ገጭታ ቆመች። ሰው ሁሉ ሲሸሽ ዶኛ ኤርሚኒያ ብቻ ሳጥኑን አቅፈው ቀሩ።

ናሳሪዮን በኮሌታው ጎትተው አወጡት። አንዱ ጥርሱን መታው፣ ሌላው በእርግጫ ጎኑን።

«ሰካራም! እናትህን ልትገድል!»

«ጠብታ አልቀመስኩም!»

«እንደ ወንድምህ ነሃ!»

በደረቱ ተደፍቶ እየተረገጠ፣ ከመኪናዋ ስር የወደቀውን ብረት አየ። ጎማውን ይዞ የነበረው፣ ጫፉ ኳስ የመሰለው ብረት ለሁለት ተሰብሯል። የስብራቱ ግማሽ አዲስ ነው፣ ያበራል። ግማሹ ዝጓል። ስንጥቁ የቆየ ነው፤ ሲንኳኳ የከረመው እሱ ነው። ኡሊሴስም ይንኳኳል ብሎ ነበር። ኡሊሴስም በቀጥተኛው መንገድ ላይ መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮ፣ ወደ ግራ አዙሮ ነበር።

ብረቱን አንስቶ በሰው እግር መሃል እየዳኸ ኩኮ ላይ ወጣበት። በቡጢ አፉን መታው፤ ደገመው።

«ነግሮህ ነበር! ይንኳኳል ብሎ ነግሮህ ነበር!»

«ዝም ብለህ ንዳ አልኩት!» ኩኮ ደምና ጥርስ ተፋ። «ቢራው የኔ ነው፣ በናትህ ተወኝ! ለእሁድ አምጣልኝ ብዬው ነው። እሱ አልነካውም። ሰክሮ ነው ሲሉ... እኔም ዝም አልኩ።»

ናሳሪዮ ብረቱን ከራሱ በላይ አነሳ። ሊፈልጠው ነበር፣ የምር ሊፈልጠው። ከኋላው አንድ እጅ ብረቱን ያዘው።

«ስጠኝ» አሉ እናቱ።

ለቀቀላቸው። ዶኛ ኤርሚኒያ ዝገቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ኩኮን አንዴ አዩት፣ ወደ ሳጥኑም ተመለሱ። ቦርሳቸውን ከፍተው የእመቤቲቱን ምስል ከነክሩ አወጡ።

«ክፈቱት።»

«ዶኛ ኤርሚኒያ፣ አንዴ ታሽጓል እኮ...» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

«ክፈቱልኝ! የልጄ አንገት ባዶ ነው!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ምስሏን በጥርሳቸው ነከሱ፣ ብረቱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፣ እንባቸው በአገጫቸው እየወረደ የሳጥኑን መክደኛ ያንኳኩት ጀመር።