አራተኛው በጋ

አሌስያ ጣሊያን ስትመጣ ይህ አራተኛ በጋዋ ነው። በአገሯ ድንበር አጠገብ ያለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ከፈነዳ ወዲህ፣ በተበከለው አፈር ላይ የሚያድጉ የቤላሩስ ልጆች አየር እንዲለውጡ በአንድ በጎ አድራጎት ማኅበር በኩል በየዓመቱ ለሁለት ወር ወደ ውጭ ይላካሉ። እሷም ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የምታርፈው አንድ ቤት ነው፤ ኮክ አምራቹ ኤቶሬና ሚስቱ ኦርኔላ ዘንድ። ልጅ የላቸውም። አሌስያ አሁን አሥራ ሁለት ሞልቷታል፤ ቋንቋውን ከመንደሩ ልጆች እኩል ታቀላጥፈዋለች።

ሐምሌ በሳቅ አለፈ።

«አንቺ ልጅ፣ ኮኩን ጨረስሽው እኮ! ገበያ ምን ይዤ ልውጣ፣ የውስጡን ፍሬ?» ይላታል ኤቶሬ።

«የተበላሸውን ነው የበላሁት።»

«የተበላሸ ሁሉ ያንቺ አፍ አጠገብ ነው የሚበቅለው?»

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። አሌስያ የአገሯን ቴምብር በመስኮት ሆና ለየችው። ኦርኔላ ፖስታውን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ በብስክሌት ወደ ከተማ ሄደች። ለምሳ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«ከእማዬ ነው?»

«የማኅበሩ ነው። የጉዞ ወረቀት» አለች ኦርኔላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሃን እያጠበች። ሰሃኑ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት አልሆነም። ባልና ሚስቱ ሲያወሩ ቆይተው እሷ ስትገባ ጸጥ ይላሉ። ኤቶሬ ቀልዱን ተወ፤ ጭራሽ ምርጥ ምርጡን ኮክ ለቅሞ ፊቷ ያኖርላት ጀመር። ኦርኔላም ልጅቷ የምትወደውን ምግብ ትሠራላታለች፤ ስትበላ ታያትና፣ ታያትና፣ ድንገት ተነሥታ ትወጣለች።

አሌስያ ይህን ደግነት ታውቀዋለች። አባቷ ሆስፒታል ሳለ ሰው ሁሉ ባንድ ቀን ደግ ሆኖ ነበር። አክስቷ ኬክ ጋገረችላት፣ አስተማሪዋ የቤት ሥራ አስቀረችላት። እውነቱን የነገሯት ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው።

እናቷስ ብትሆን መች ጤና ነበራት? አንገቷ ላይ ገና ያልደበዘዘ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ። ስትሸኛት ከወትሮው አብልጣ አለቀሰች። ሻንጣውን የተሸከመላቸው ጎረቤት ከኋላ ቆሞ ሲጋራውን ያጨስ ነበር። «ጨዋ ሁኚላቸው። እንዲወዱሽ አድርጊ» አለቻት እናቷ። ልትስማት ስትል ግን አሌስያ አብረዋት የሚጓዙትን ልጆች አፍራ ጉንጯን አሸሸች። ያቺ ያልተሳመች ጉንጭ አሁን እንደ ቁስል ትጠዘጥዛት ጀመር።

አንድ ቀን ባልና ሚስቱ ኮክ ለቀማ ሲወጡ ወደ አገሯ ደወለች። እቤታቸው ስልክ ስለሌለ የምትደውለው ጎረቤታቸው አሮጊቷ ኒና ጋ ነው።

«እትዬ ኒና፣ እማዬን ይጥሩልኝ።»



«ቤቱ ተዘግቷል ልጄ።»

«የት ሄዳ?»

«አይ፣ እኔ በምን አፌ ልንገርሽ! እዚያ ያሉትን ጠይቂ። እግዜር ያጽናሽ።» ስልኩ ተዘጋ።

አሌስያ አልጠየቀችም። ካልጠየቀች እናቷ ገና ያልሞተች መሰላት። እያደረች ግን ከኮክ ዛፎቹ መሃል ሄዳ ብቻዋን ታለቅስ ጀመር። ኤቶሬ ከሚመርጥላት ኮክም አንድ እንኳ አልቀመሰችም።

በዚያው ሰሞን ኦርኔላ ከተማ ወሰደቻትና፣ ድንጋይ በሚያቀልጠው ሙቀት፣ የሱፍ ካፖርት ለካችላት።

«ምን ያደርግልኛል?»

«ለብርድ ነዋ። ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ታድጊያለሽ።»

አሌስያ ያየችው ቀለሙን ብቻ ነው። ጥቁር ነበር።

እሑድ ደግሞ ቄሱና የመንደሩ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት አብረው መጡ። በር ዘግተው ተነጋገሩ። ርእሰ መምህርቷ ስትወጣ ራሷን ዳሰሰቻትና «ጎበዝ ነሽ፣ ትችዪዋለሽ» አለቻት።

የጉዞው ዋዜማ ደረሰ። የሌሎቹ ልጆች ሻንጣ በየበሩ ተደርድሯል። የእሷን ከቁም ሣጥኑ ላይ ያወረደው የለም። ለምሳ እንደተቀመጡ ከወንበሯ ተነሣች።

«እማዬ መቼ ነው የሞተችው?»

የኤቶሬ ሹካ ከእጁ ወደቀ። «ምን አልሽ?»

«አትዋሹኝ! በአባዬም ጊዜ ዋሽተውኛል። ቀብሯ ላይ እንኳ ሳልቆም!»

ኦርኔላ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይህን ሁሉ ቀን ይህን ይዘሽ ነው? እመቤቴን፣ እናትሽ አልሞተችም!»

«እንግዲያው ደውሉልኝ።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«ዛሬ ይቅር የኔ ልጅ» አለች ኦርኔላ።

«ተያት፤ መብቷ ነው» አለ ኤቶሬ። ከደረት ኪሱ ብጣሽ ወረቀት አወጣ። የተጻፈው ቁጥር የኒና አልነበረም። መታውና እጀታውን ሰጣት።

አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ የጤነኛ ሰው ድምፅ። ከኋላዋ ራዲዮ ይዘፍናል።

አሌስያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች።

«እማ! አለሽ! እማዬ፣ አለሽልኝ! ነገ እኮ እመጣለሁ!»

ወዲያ ማዶ ራዲዮው ተዘጋ።

«ደብዳቤዬን አላነበቡልሽም እንዴ?» አለች እናቷ። «እኔ አግብቻለሁ፤ አንቺ እዚያው ቅሪ።»