የትርሲት ደረጃ

ትርሲትን ትምህርት ቤቱ ሦስት ዓመት በተከታታይ አልቀበልም ብሏል። እናቷ በየመስከረሙ ተሽከርካሪ ወንበሯን እየገፋች ትሄዳለች። «ሕጉ እኮ ማንንም ልጅ አትመልሱ ይላል» ስትል፣ ርእሰ መምህሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «ሕጉማ ልክ ነው፤ እኛ ጋ ያለው ግን ደረጃ ነው። ምን ላድርግሽ?» ይላታል።

ዛሬ ጠዋት ራሱ ደወለ። «እናቴ፣ ልጅቷን ዩኒፎርም አልብሰው ቶሎ ያምጧት! ከክፍለ ከተማ እንግዶች መጥተውብናል።»

እናት የጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም ተውሳ እየሮጠች ደረሰች። ከደረጃው ጎን ለወንበር የሚሆን መወጣጫ ተሠርቷል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ትርሲትን ሦስተኛ ክፍል፣ ፊት ለፊት አስቀመጧት። እናት እንባዋ መጣ።

ከክፍለ ከተማ የመጣችው ሴትዮ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ወደ እናት ዞረች።

«እርስዎንማ ማመስገን አለብኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ቀን አልቀረችም! አምና ደግሞ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታለች።»

እናት ርእሰ መምህሩን አየችው። እሱ በመስኮት መወጣጫውን ያያል።

ትርሲት ፊቷ በርቶ የእናቷን ነጠላ ጎተት አደረገች።

«እማዬ፣ ሦስተኛ ወጣሁ እንዴ?»