የኃይለአብ ፈረሰኞች

«ተነሱ! ፈረስ ላይ!» ይላል ኃይለአብ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ፈረስ የተባሉት ብስክሌቶች ሳሩ ላይ እንደ ሰካራም ተዘርረዋል። ጦሩ ዳቦውን ይገምጣል።

ቦታው ኦስሎ ዳር፣ ከሊንደሩድ ሰፈር በላይ ያለው ጫካ ነው። የአልናብሩ መጋዘን ሠራተኛ ዛሬ ሥራ ትቶ ለጨዋታ ወጥቷል። ታሪክ ያሳበደው አለቃቸው ፊሊፕ የቢሮዎቹን ሰዎች እንግሊዝ፣ እነዚህን የመጋዘኑን ደግሞ ቦር አድርጓቸዋል፤ የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በፈረስ እየመጣ እንግሊዝን ነክሶ የሚሰወረው የገበሬ ጦር። ከኮረብታው አናት የእንግሊዝን ባንዲራ የነጠቀ ቡድን የበጋ ዕረፍቱን ቀድሞ ይመርጣል።

ኃይለአብ ሐምሌን ይፈልጋል። አምና ለዕረፍት የተረፈው ወር መስከረም ስለነበር የአባቱን ተዝካር በስልክ አየ። ዘንድሮ በሐምሌ እህቱ ብሩክታዊት ልታገባ ነው፤ አገር ቤት ክረምትም ቢሆን ቀኑ ተቆርጧል። አባት የለም፣ የሚድራት እሱ ነው። ሙሽራ ደግሞ በስልክ አይዳርም።

«በግራ ዞረን ከኋላቸው እንወጣለን።»

«ናይ፣ አይሆንም» ይላል ኦስሎ ተወልዶ ያደገው ቤኪ፣ አፉ እንደሞላ። «መጀመሪያ ድምፅ እንስጥ። ፊሊፕ ምን አለ? ቦር መኮንኑን ራሱ ነው የሚመርጠው። ካልጣመው ይሽረዋል፣ ወይ ጥሎት ይሄዳል።»

ዳኛ ሆኖ ዛፍ የተደገፈው ፊሊፕ በደስታ ራሱን ይነቀንቃል።

«ቆይ እስቲ» ትላለች ሩቂያ ወደሱ ዞራ፤ «እነዚህ ቦሮችህ እኛን ጥቁሮቹን ቢያገኙ ምን ያደርጉን ነበር?»

ፊሊፕ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እ... ፈረስ ትይዙላቸው ነበር።»

«በል ና፣ ያዝልኝ!» ብስክሌቷን ታስታቅፈዋለች። ጦሩ በሳቅ ይፈርሳል።

«እባካችሁ! ሰዓቱ ሄደ እኮ!» ይላል ኃይለአብ።

«አይ ፈረስ» ይላሉ ጋሼ ፈረጅ፣ የከባድ መኪናው ሾፌር፣ ጎናቸውን ሳሩ ላይ አሳርፈው። «የአያቴ በቅሎ ነበረች እንጂ። ወላሂ፣ ወረኢሉ ላይ ወንዝ ሞልቶ ቢያስቸግራቸው ውሃውን ጥርግ አድርጋ ጠጥታ በደረቅ አሻገረቻቸው።»

«ከዚያስ?» ይላል ቤኪ።

«ከዚያማ ማዶ ስትደርስ መለሰችው። የሰው ንብረት አይደል?»

«ጋሼ ፈረጅ!» ኃይለአብ ቁጣው ከጉሮሮው ያመልጠዋል። «በቅሎዋን ይተዉልኝና ይነሱ! ሁላችሁም ተነሱ ብያለሁ! ይሄ ትእዛዝ ነው!»

ሳቁ ይቆማል። የተነሳ ግን የለም።

«ጮኸብን እኮ» ይላል ቤኪ። «ይውረድ! እጅ!»

እጆች ይወጣሉ። ጋሼ ፈረጅ ሁለት እጅ ያወጣሉ፤ አንዱ የበቅሎዋ ነው ይላሉ። ፊሊፕም ጨዋታው ስለሞቀው ያወጣል። ወዲያው ጋሼ ፈረጅ መኮንን ተብለው ይመረጣሉ፤ የመጀመሪያ ትእዛዛቸውም «ትንሽ ጋደም እንበል» የሚል ነው። እንዲህ በአንድ ቃል የጸደቀ ትእዛዝ በዓለም ጦር ታሪክ አልታየም።

 ስድብ የኃይለአብ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እህቱ ልብሷን ለክታ የላከችው ፎቶ ዓይኑ ላይ ይሄድበታል።

«ፊሊፕ፣ የተሻረ መኮንን ምን ይሆናል?»

«ተራ ተዋጊ።»

«ተራ ተዋጊስ የት የት ይሄዳል?»

«ደስ ያለው ቦታ። ማን ያዘዋል?»

ኃይለአብ ብስክሌቱን ከሳሩ ያነሳል። ማንንም አይጠራም፣ ማንንም አያይም። በግራ ባለው የጠጠር መንገድ ሽቅብ ይረግጣል። አቀበቱ ጉልበቱን ይበላዋል፤ ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል።

«ወዴት ነው?» ትላለች ሩቂያ ከታች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» ይላል ቤኪ። «ብቻውን ሊነጥቅ ነው እንዴ?»

 ቀጥሎ ሰንሰለት ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ጎማ ጠጠር ይነካል፤ ሌላ ጎማ ይከተላል። «ቆዩኝ እንጂ፣ መኮንን ጥሎ መሄድ ምን ይባላል!» ይላሉ ጋሼ ፈረጅ እያለከለኩ።

ኃይለአብን አንገቱ ይበላዋል። ዞር ቢል፣ እጁን ቢያወናጭፍ፣ አንድ «ኑ» ቢያመልጠው ትእዛዝ ይሆንና ሁሉም ቆመው ድምፅ ሊሰጡበት ነው። በዛፎቹ መሀል ጭስ ይታያል፤ እንግሊዞቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ቋሊማቸውን ያገላብጣሉ፣ ባንዲራው ከኋላቸው ብቻውን ይውለበለባል። ኃይለአብ አንገቱን እንደ እንጨት ገትሮ ይወጣል፣ ከኋላው የጠጠሩ ድምፅ እየበዛ፣ እየበዛ።