የመጋላ ሜዳ ጠማማ መስመር

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምህረት የመጋላ ኳስ ሜዳ የአሸዋውን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ከዚራ ሰፈር ይሂድ ተባለና ድሬዳዋ ለሁለት ተከፈለች። ባልና ሚስት ተኳረፉ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራስ ላይ ትቶት ሊከራከር ይወጣ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣ የኳስ ፌዴሬሽን ተቆጣጣሪ ነው። ሜዳውን አየና ሳቀ።

«ይሄ መስመር ነው ወይስ እባብ የሄደበት?»

ሦስት ሳምንት ሰጠ። መስመሩ ካልተስተካከለ ሜዳውም ቡድኑም ወደ ከዚራ ይዛወራል።

መስመሩን የሚያሰምረው ዋበሪ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ቤቱ ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ሜዳው ከሄደ እሷም ትፈርሳለች። ችካል ይተክላል፣ ሲባጎ ይወጥራል፣ ከዚያ በግራ እጁ ሲባጎውን እየነካ በቀኙ ኖራውን ያፈሳል። የሚሠራውም በቀትር ነው፤ ድሬ በሯን ዘግታ በምትተኛበት፣ ዝንብ እንኳ ጥላ በምትፈልግበት ሰዓት። «ፀሐይን አግብቷታል» ይሉት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከዋሂል ገጠር ከሰል ይዘው የሚመጡ ሴቶች አህዮቻቸውን በዋበሪ ችካል ላይ ያስራሉ። አህያዋ ካናፋች ዋበሪ እርግማኑን ያወርደዋል። ካላናፋች ዝም ነው።

የሜዳው በር ላይ ሳንቡሳ የምትጠብሰው ካልቱን ምላሷ ከዘይቷ በላይ ይፈላል።

«ወሪያ ዋበሪ! ትናንት ፊትህ ተገትሬ እንደ ግመል አለፍከኝ እኮ! ሚኒስትር ሆንክ?»

«አንቺ አፍሽን ዘግተሽ ቆመሽ? ወላሂ ማንም አያምንሽም።»

«ኩራትህን ብላው!» ትልና ትስቃለች።

ተቆጣጣሪው በቀጠሮው እሁድ ተመለሰ። መስመሩ ብሶበታል። ከጎሉ በደንብ ይነሳና ጥጉ ጋ ሲደርስ ሜዳውን ትቶ ወደ ካልቱን መጥበሻ ያመራል። ተቆጣጣሪው በዚህኛው ዙር አልሳቀም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው አብዱሰመድ ነው፤ ሚስማር ሻጩ። ሰዉ በሩ ድረስ ታጭቋል። ካልቱን ሁሉንም ገፍታ ከፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ዋበሪን ፊት ለፊቷ አቆሙት።

«አዴር፣ አጎታችን ዋበሪ፣ ሃያ ዓመት ቀጥ ያለ መስመር ዘንድሮ ምን ነክቶት ጠመመ?» አለ አብዱሰመድ።

«አርጅቻለሁ።»

«አቦ ተወና! ለምንድነው ሰው ሲተኛ ጠብቀህ የምትሠራው? እንዳናይህ አይደለም?»

ዋበሪ ኖራ የያዘ ጣቱን በሽርጡ ጠረገ።

«አብዲራህማን ከዚራ ባዶ መሬት አለው» አለ አብዱሰመድ፤ «ሜዳው እዚያ ከሄደ እሱ ይከብራል። ለአንተስ ምን እሰጥሃለሁ አለህ? የዘበኛ ቤት?»

«ምንም አላለኝም። ወላሂ ምንም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?» አብዱሰመድ ከኪሱ ፎቶ አወጣና ዋበሪ እጅ ላይ አኖረው። ወደ ሕዝቡ ዞረ። «የከዚራው ፎቶ አንሺ ያነሳው ነው! አንተና አብዲራህማን ሐኪም ቤት በር ላይ፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ! እንደ ሙሽራ!»

ሰዉ ሳቀ። ዋበሪ ፎቶውን ወደ ፊቱ አነሳው። ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ።

«አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?»

ዋበሪ ከንፈሩን ላሰ። ፎቶውን ትንሽ ራቅ አደረገው፣ እንደገና ቀረብ አደረገው።

«እኔ ነኝ» አለ። «በደንብ ይታያል።»

ቤቱ ተናጋ። «ከሃዲ!» ያለ አለ። ሽርጡን አውልቆ ሊመታው የተነሳም ነበር፤ ውስጡ ሱሪ አለመልበሱ ትዝ ሲለው ተቀመጠ።

ካልቱን ዘላ ቆመች። «ምኑ ነው የሚታየው? ያኛው ሰውዬ ፊቱ በዛፍ ጥላ ጠፍቷል እኮ! ማንም ሊሆን ይችላል!»

«አንቺ ቁጭ በይ፤ እሱ ራሱ አይቶ አመነ» አለ አብዱሰመድ።

ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። ከሃዲ ላሰመረው ሜዳ ማን ይሟገታል? ቡድኑ ከዚራ ይሂድ ተባለ፤ እጅ ወጣ። ዋበሪም እስከ መግሪብ ስግደት ክፍሏን እንዲለቅ ተነገረው። አንገቱን ደፍቶ፣ ግድግዳውን በእጁ ተደግፎ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። አፍሮ ነው አሉ። መንገድ ለቀቁለት፤ ሰላም ያለው አልነበረም፣ እሱም ማንንም ሰላም አላለም።

አዳራሹ ባዶ ሆነ። ካልቱን ብቻ ከመሬቱ አልተነሳችም፤ ዋበሪ የቆመበትን ቦታ ታያለች።

«በደንብ ይታያል» ያለው ሰው አፍጦ ያየው የፎቶውን ጀርባ ነበር፤ ምስሉ የዞረው ወደ እሷ ነው።