ያልተቀመጡት እንግዶች

አብረው መኖር ሲጀምሩ ታላቋ ስንዱ፣ ዓይነ ስውር ለሆነችው ታናሽ እህቷ ቃል ገብታላት ነበር። «ዓይን እሆንሻለሁ፤ አፍ ግን አልሆንሽም።» ቃሏንም ጠበቀች። የቀሚሱን ቀለም ትነግራታለች እንጂ አትመርጥላትም። አስፋልት ሲሻገሩ ክንዷን ትሰጣታለች እንጂ አትጎትታትም። ታናሽየዋም በሄደችበት ሁሉ «እንደ እትዬ ያለ የለም» ትል ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ታናሽየዋ ጓዳ ሆና የሽማግሌ ሳል ሰማች፤ ወንበር ሲሳብ ግን አልሰማችም። ስንዱ ወደ ጓዳ ገባ ብላ ነጠላዋን አስተካከለችላት።

«እነማን ናቸው፣ እትዬ?»

«የእድር ሰዎች ናቸው። አሁን ይሄዳሉ።»

«ታዲያ ለምን አይቀመጡም?»

«ቸኩለው ነው» አለችና ግንባሯን ስማት ወጣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ታናሽየዋ እጮኛዬ ይሆናል ብላ በልቧ የያዘችው የሥራ ባልደረባዋ ይድነቃቸው ስልኳን ማንሳት ተወ። ስታለቅስ እንባዋን የጠረገችላት ስንዱ ናት። «ወንድ እንዲህ ነው፣ የኔ እናት» አለቻት።

ከወር በኋላ ታናሽየዋ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳለ አንድ አዛውንት አጠገቧ አረፍ አሉ። ሳላቸውን አወቀችው።

«አልተቀየምኩሽም፣ ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለይድነቃቸው ሽማግሌ ሆነን መጥተን፣ ቆመን ስንለምን፣ እህትሽ ጓዳ ገብታ ጠይቃሽ አልፈልግም አልሽ። መብትሽ ነው። ልጁ ግን ተጎዳ።»

ስንዱ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ መጣችና ክንዷን ሰጠቻት።

«እንሂድ ወይስ እንቆይ?» አለቻት። «አንቺ እንዳልሽ ነው።»