ወላጅ ውጪ ይጠብቃል

«ቀጣይ!» እላለሁ አንገቴን ሳላቀና። ከጠዋት ጀምሮ ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም፤ ጉሮሮዬ ግን ያውቀዋል። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚዘጋበት ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ «ኑ፣ እንመካከር» ብዬ ስለምናቸው የሸሹኝ ሁሉ ዛሬ ቢሮዬ በር ላይ ተኮልኩለዋል።

ወንበሩ ይጎተታል። «ደህና ዋሉ ቲቸር» ትላለች አንዲት ልጅ። ድምፁን ሳውቀው ቀና እላለሁ። ልጄ ናት፤ ጠዋት ቁርስ አብረን በልተን የወጣነው።

«ምን ሆነሻል? የቤት ቁልፍ ረሳሽ?»

«አይ። ተራዬ ደርሶ ነው።»

እስቃለሁ። እሷ አትስቅም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አይታኝ እንደማታውቅ ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«የአንቺ ምርጫ እቤት አልቆ የለም እንዴ? ሒሳብ አያያዝ፣ እዚሁ ሰፈራችን ያለው ኮሌጅ። ምሳሽን እቤትሽ እየበላሽ።»

«ያለቀው ለእርስዎ ነው ቲቸር። እኔ እቤት አንድ ነገር ስጀምር ‹ነገ› ነው፣ ‹ደክሞኛል› ነው፣ ‹የሰው ልጅ ስመክር ውዬ ደሞ አንቺ› ነው። እዚህ ግን ወረፋ የያዘ ሰው ይሰማል አሉኝ። ወረፋ ይዤ መጣሁ።»

የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ። እንዲያ ያላለችኝ ከአክብሮት ነው እንጂ ብትለኝም እውነቷን ነው። ማታ ቤት ስገባ የተረፈኝ ጆሮ የለም። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ እዘረራለሁ፤ እሷ እራት ታቀርባለች፣ የሆነ ወሬ ትጀምራለች፣ መጨረሻውን ሳልሰማ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል።

እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። «እሺ ተማሪ። ምን መማር ትፈልጊያለሽ?»

«የውሃ ምህንድስና።»

በዘንድሮው የምርጫ ዝርዝር ያ ትምህርት ያለው አንድ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። አውቶቡሱ ሳያድር አይደርስም። ስንቱን ልጅ ደስ እያለኝ ወደዚያ ሸኝቻለሁ፤ ሩቅ መሆኑ የታየኝ ግን አሁን ገና ነው።

«ሩቅ ነው» እላለሁ። «ብርዱ አይቻልም። የሚያውቅሽ ሰው የለም። ደግሞስ እኔ...»

አባቷ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን። አንዷ ከሄደች የምትቀረዋን አውቃታለሁ፤ ሶፋው ላይ ከነጫማዋ የምትተኛዋ ናት፣ የሚቀሰቅሳትም የለም። ፈርቻለሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ የብርዱን ነገር ያመጣሁት ለሽፋን ነው።

«ቅድም የወጣውን ልጅ ምን አሉት?» ትለኛለች።

«ምን አልኩት?»

«‹እናትህ ከናፈቀችህ ትደውልላታለህ፤ ያልተማርከውን ግን ደውለህ አታመጣውም።› ወጥቶ ነገረን። ወረፋው በሙሉ እየተቀባበለ ሲለው ነበር።»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ለሰው ልጅ ሲነገር እንዴት ያምር ነበር!

ክርክር የምገጥምበት አቅም የለኝም። የምርጫውን ገጽ ከፍቼ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞራለሁ። ምርጫውን የሚያስገባው ተማሪው ራሱ ነው፤ የዚህ ቢሮ ደንብ እንዲያ ነው። ጣቶቿን የኪቦርዱ ፊደሎች ላይ ታሳርፍና ቀና ብላ ታየኛለች። እጠብቃለሁ። አትጽፍም።

«ምነው?»

«እማ» ትላለች። ‹ቲቸር› ማለቱም፣ ‹እርስዎ› ማለቱም ቀርቷል። «በሩ ላይ የለጠፍሽውን ረሳሽው?»

እንዴት እረሳዋለሁ! በገዛ እጄ፣ በትልልቁ ጽፌዋለሁ፤ ወላጅ ውጪ ይጠብቃል። ወላጅ አጠገቡ ከተቀመጠ፣ ልጅ የሚያነበው ኮምፒውተሩን ሳይሆን የወላጁን ፊት ነው፤ ይህን ከብዙ ልጆች ተምሬዋለሁ። ቅድም እንኳ የዚያን ልጅ አባት በዚሁ ደንብ አስወጥቼዋለሁ። «ያሳደግኩት እኔ ነኝ!» ብሎ ቢቆጣ፣ «ትንሽ ነው፣ ይታገሡ» ብዬ በሩን ዘግቼበታለሁ።

«አንቺም ወላጅ ነሽ» ትለኛለች ልጄ፣ ቀስ ብላ።

ጠረጴዛውን ተደግፌ እነሳለሁ። ፊቴን ምን እንደማስመስለው ስላላወቅኩ ወደ እሷ ሳልዞር እወጣለሁ፤ በሩንም ከኋላዬ እዘጋለሁ።

ወረፋ የያዙት ልጆች ጫጫታቸውን ያቆማሉ። አግዳሚው ላይ ያ የተቆጣው አባት ብቻውን ተቀምጧል፤ ልጁ ማኅተም ሊያስመታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄዷል። ዳር ላይ እቀመጣለሁ፣ አግዳሚው በእኔ በኩል ዘመም ይላል። ወላጆች በየዓመቱ ስለዚህ አግዳሚ ያማርሩልኛል፣ እኔም በየዓመቱ «ለአናጢው እነግረዋለሁ» እላለሁ። ተቀምጬበት ግን አላውቅም።

«ለሻይ ወጡ መምህርት?» ይለኛል ሰውየው፤ ቁጣው ገና ከድምፁ አልጠፋም።

«አይ። ልጄ ውስጥ ናት።»

በሩን ያያል፣ መልሶ እኔን ያያል። አሁን አገኘኋት ብሎ የልቡን ይነግረኛል ስል፣ ትንሽ ጠጋ ይልልኛል።

«ወደ መሀል ይምጡ፣ ያኛው እግሩ አይታመንም» ይለኛል። ከዚያ ደግሞ፣ «ትንሽ ነው። ይታገሡ።»

ወደ መሀል እጠጋለሁ። ከበሩ ወዲያ የፊደሎቹ ድምፅ ይጀምራል፤ ቆም ይላል፤ እንደገና ይጀምራል። ማታ ማታ የማጣው ጆሮዬ አሁን ሙሉውን በሩ ላይ ነው።