ጥቁሩ ካርቶን

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ዳኛ፣ በውስጣቸው ጋዝ የታሸገባቸውን ሁለት የመስታወት መብራቶች ተራ በተራ አበሩ። ኒዮን ጋዝ ያለበት ቀይ፣ አርጎን ጋዝ ያለበት ሐምራዊ ሆነ፤ ተማሪዋ የሠራችው ካርቶን ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር አሳየ። "ቤት እኮ ይለያይ ነበር!" አለች ተማሪዋ። ከኋላዋ የቆሙት አያቷ ክው አሉ። ትናንት እሷ ገላዋን ስትታጠብ ካርቶኑን ከፍተው፣ ውስጡ ጥላሸት የተቀባ ቢመስላቸው፣ ሰው እንዳይስቅባት ብለው ነጭ ወረቀት ለጥፈውበት ነበር።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። "ጥቁሩ ቀለም የአዳራሹን ብርሃን እንዲውጥልኝ ነበር፤ ነጩ ግን መልሶ ያንጸባርቀዋል" አለች ቀስ ብላ።

ዳኛውም ወደ ውስጥ አይተው ሳቅ አሉ። "ታዲያ ማነው እንደ ሙሽራ ነጭ ያለበሰው?"

ልጅቷ ዞር ብላ አያቷን አየች። አያቷ ሙጫ የደረቀበትን አውራ ጣታቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ሸሸጉ። "እኔው ነኝ" አለች ልጅቷ፣ "እንዲያምር ብዬ።" ዳኛው ነጥቧን ሊጽፉ እስክሪብቶ አነሱ።

"ውሸቷን ነው፣ የኔ ጌታ!" አሉ አያቷ፣ ጣታቸውን አውጥተው እያሳዩ። የልጅ ልጃቸውን በሰው ፊት ውሸታም ሲሉ የመጀመሪያቸው ነበር።